ልጅቷ የተወለደችው በስንት ነው?



ስለ ልጆች አስተዳደግ በተነሣ ቁጥር ምክሩም ወቀሳውም የሚያርፈው በወላጆች ላይ ነው። እናት ምን ታድርግ? አባት ለምን ዝም አለ? ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ልጅ በወላጅ እጅ ያለ አማና ነውና። በዚህ ወር ግን ጥያቄውን ወደ ሌላ ወገንም ማዞር ፈለግን። ቴሌግራምን፣ ቲክቶክን፣ ፌስቡክን፣ ዩቲዩብንና ኢንስታግራምን የመሳሰሉትን፣ በተለምዶ «አፕ» የምንላቸውን የስልክ መተግበሪያዎች የሚሠሩት ሰዎች ኃላፊነታቸው ምን ድረስ ነው? ዕቃው ሲሠራ ልጅ እንደሚይዘው ታስቦበታል ወይ?

ይህን ለመመርመር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከመርካቶ እንጀምር።

ተራ ያለው ገበያ፣ ተራ የሌለው ስልክ

መርካቶን የማያውቅ ሰው ገበያው ግርግር ብቻ ይመስለዋል። የኖረበት ግን ሥርዓት እንዳለው ያውቃል። ሁሉም ነገር ተራ ተራ አለው። በርበሬው በበርበሬ ተራ፣ ሸማው በሸማ ተራ፣ ቆርቆሮው በቆርቆሮ ተራ ይገኛል፤ አገልግሎ የተጣለው እንኳ ምናለሽ ተራ የሚባል ቦታ አለው። አንድ ልጅ በታላቁ አንዋር መስጊድ አካባቢ ካለው የአባቱ ሱቅ ተነሥቶ ሸማ ተራ ሲላክ በየት በኩል እንደሚሄድና ምን ምን እንደሚያገኝ አባትየው ያውቃል። በመንገዱም ላይ ባለ ሱቆቹ፣ ተሸካሚዎቹና ሻይ ሻጮቹ ያዩታል። «አንተ፣ የሐጂ ልጅ አይደለህም እንዴ? ወዴት ነህ?» የሚል አይጠፋም። አንድ የማይታወቅ ሰው የልጁን እጅ ይዞ ወደ ጓሮ ሲታጠፍ ቢታይ ዝም ብሎ የሚያይ ብዙ አይሆንም።

መርካቶ ለልጅ አደጋ የለውም ማለታችን አይደለም። ሌባው፣ መኪናውና ግፊያው አለ። ነገር ግን አደጋው የሚታይ ነው፤ የሚያይ ዓይንም አለው።

ይኸው ልጅ ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ተቀምጦ ስልክ ሲይዝስ? አባት ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ገበያው ደርቷል፤ ልጁ እንዳይሰለች የእናቱ ወይም የታላቅ ወንድሙ ስልክ ተሰጥቶታል። ይህን የሚያደርጉ ወላጆችን ለመውቀስ አልተነሣንም። ብዙዎቻችን ቤት ያለ ነገር ነው። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ስልኩ ውስጥ ተራ አለመኖሩን ነው። የቁርአን ቂርአት፣ የኳስ ጨዋታ፣ የጎልማሶች ቀልድ፣ የጠብ ምስልና ለልጅ የማይገባው ሁሉ በአንድ መስመር፣ አንዱ ከሌላው ሥር ተደርድሮ ይመጣል። ልጁን ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የሰፈር ሰው የለም። የማይታወቅ ሰው ቢያናግረውም ከሁለቱ በስተቀር የሚያይ የለም።

እንግዲህ የሰፈሩ ዓይን ይሠራው የነበረውን ሥራ በስልክ ውስጥ ማን ይሥራው? ወላጅ ብቻውን አይችለውም። አፑን የሠራው ሰው መጀመሪያውኑ አስቦበት መሥራት አለበት። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይህ ነው።

ጥበቃው ሁሉ የተንጠለጠለበት አንድ ቁጥር

አዲስ ስልክ ሲገዛ ወይም ያገለገለ ስልክ ለልጅ ሲሰጥ አካውንት መክፈት ያስፈልጋል። በብዙ ቤቶች ይህን የሚሠራው ወላጁ ሳይሆን ስልክ ሻጩ ወይም ጠጋኙ ወጣት ነው። እናት ስልኩን ታቀብለዋለች።

«ልጄ፣ ይችን ነገር ክፈትልን።»

«እሺ እናቴ። ልጅቷ የተወለደችው በስንት ነው?»

«በ2007፣ ጥር ላይ።»

ወጣቱ 2007ን ይመርጣል፤ ሥራው አለቀ። እናት አልዋሸችም፤ ወጣቱም አልዋሸም። ይሁን እንጂ አፑ ዓመቱን የሚያነበው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እስቲ እናስላው። ጥር 2007 ዓ.ም የተወለደች ልጅ ጥር 2018 ዓ.ም ላይ 11 ዓመት ሞላት። አፑ ግን «ጃንዋሪ 2007» ብሎ ስለመዘገባት 19 ዓመቷ ነው ይላል። በእሱ ዓይን ልጅቷ ራሷን የቻለች ወጣት ናት። እንደዚሁም ጥር 2012 ዓ.ም የተወለደ ሕፃን ጥር 2018 ላይ ገና የ6 ዓመት ልጅ ሲሆን አፑ የ14 ዓመት ልጅ አድርጎ ይቆጥረዋል። አብዛኞቹ የማኅበራዊ ሚዲያ አፖች ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅ አካውንት እንዳይከፍት ይከለክላሉ፤ ይህ ሕፃን ግን ማንም ሳይዋሽለት በሩን አልፎ ገብቷል።

በአገራችን አቆጣጠርና በአውሮፓው መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ለደብዳቤና ለጉዞ ሰነድ እንደሚያስቸግር ሁላችንም እናውቃለን። የልጅ ጥበቃን ሊያፈርስ እንደሚችል ግን ብዙ አላሰብንበትም።

ለምን ያፈርሳል? ኩባንያዎቹ ለልጆች ያደረጓቸው ጥበቃዎች አብዛኞቹ የተንጠለጠሉት በዚህ በተሞላው ዕድሜ ላይ ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ቲክቶክን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የግል መልእክት መለዋወጥ እንዳይችሉ አደረገ። በ2021 መጀመሪያ ላይ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች አካውንት ገና ሲከፈት ለሁሉ ሰው የማይታይ እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዓመት ለእነዚሁ ልጆች ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ፣ ለ16 እና ለ17 ዓመቶቹ ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የማሳወቂያ ደወል እንዳይላክ እንደሚያደርግ አስታወቀ። በ2022 በቀጥታ ሥርጭት የሚቀርቡ ሰዎች ትንሹ ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ። ኢንስታግራምም በሴፕቴምበር 2024 ለወጣቶች ብቻ የተለየ የአካውንት ዓይነት ማውጣት ጀመረ፤ አካውንቱ ሲከፈት የተዘጋ ነው፤ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ጥበቃ ለማላላት የወላጅ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

መልካም ሥራዎች ናቸው። ግን 19 ዓመቷ ነው ተብላ ለተመዘገበችው የ11 ዓመት ልጅ አንዱም አይደርሳትም። መልእክቷ ክፍት ነው፤ ገጿ ክፍት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ደወሉ ይጮኻል። በሩ ተሠርቶ ቁልፉ የሌላ ቤት ቁልፍ ሆኖ ተሰጣት ማለት ነው።

አሥራ ሦስት ዓመት ከየት መጣ?

አንዳንድ ወላጆች 13 ዓመት የተባለው በሕክምና ወይም በሥነ ልቦና ጥናት ልጅ ለማኅበራዊ ሚዲያ የሚደርስበት ዕድሜ ሆኖ ስለተገኘ ይመስላቸዋል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ሕግ ኩባንያዎች ከ13 ዓመት በታች ካለ ልጅ ላይ ያለ ወላጅ ፈቃድ የግል መረጃ እንዳይሰበስቡ ከለከለ። የወላጅ ፈቃድ መጠየቅ ወጪና ድካም ስላለበት ብዙዎቹ ኩባንያዎች «ከ13 በታች አናስገባም» ማለትን መረጡ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ በዓለም ተሠራጨ። ስለዚህ 13 የመረጃ ሕግ ወሰን እንጂ የልጅ ብስለት ሚዛን አይደለም። «ልጄ 13 ሞልቶታል፤ እንግዲህ ችግር የለም» ማለት አይቻልም።

ሳይነካ እንዴት ነው?

በእንግሊዝ አገር ጉዳዩን በሌላ መንገድ አዩት። የልጆችን ዕድሜ ያገናዘበ አሠራር የሚባል ደንብ አወጡ። ደንቡ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2020 ሥራ ላይ ውሎ ኩባንያዎች እንዲዘጋጁ አንድ ዓመት ተሰጣቸው፤ ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮም እንዲያከብሩት ተጠየቁ። 15 መመዘኛዎች አሉት። ሁሉንም መዘርዘር አንባቢን ማድከም ይሆናል፤ ፍሬ ነገሩ ግን የሚከተለው ነው።

አንድ አፕ ልጅ ሊጠቀምበት የሚችል ከሆነ፣ ማንም ምንም ሳይነካው ያለበት ሁኔታ ለልጁ ከሁሉ የበለጠ የሚጠብቀው ሁኔታ መሆን አለበት። ልጁ ያለበትን ቦታ የሚናገረው ክፍል ተዘግቶ ይምጣ። ገጹ ለማያውቀው ሰው የማይታይ ሆኖ ይምጣ። ከሚያስፈልገው በላይ መረጃ አይሰብሰብ። ልጁን እያባበሉ ጥበቃውን እንዲያነሣ የሚገፋፉ ቁልፎች አይኑሩ። ከሁሉም በላይ ከኩባንያው ጥቅም በፊት የልጁ ጥቅም ይታይ።

ይህን ለመርካቶ ነጋዴ ማስረዳት ከባድ አይደለም። ሱቁ ውስጥ የአይጥ መርዝ ወይም በረኪና የሚሸጥ ሰው ዕቃውን ልጅ በማይደርስበት ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። መሬት ላይ ደርድሮት ሲያበቃ «እናት ልጇን ትጠብቅ» አይልም። የሚፈልገው አዋቂ ይጠይቃል፤ ይወርድለታል። የአፕም አሠራር እንዲህ ይሁን ነው የተባለው። ክፍቱ ነገር ተዘግቶ ይምጣና አዋቂ ከፈለገ ይክፈተው። ዛሬ በብዙ አፖች ውስጥ ያለው ግን ግልባጩ ነው፤ ሁሉም ተከፍቶ ይመጣና መዝጋት የሚፈልግ በእንግሊዝኛ የተጻፉ አምስትና ስድስት ገጾችን አልፎ ፈልጎ ይዝጋ ይባላል። እንኳን ከንጋት እስከ መግሪብ ሱቅ ላይ የምትቆም እናት፣ የተማረውም ሰው አያገኘውም።

ለምን ተከፍቶ ይመጣል?

ምክንያቱ ንግድ ነው። ከእነዚህ አፖች አብዛኞቹ ገንዘብ አይጠይቁንም፤ የሚያገኙት ከማስታወቂያ ነው። ሰው በቆየ መጠን ብዙ ማስታወቂያ ያያል፤ ብዙ ማስታወቂያ ባየ መጠን ኩባንያው ያተርፋል። ስለዚህ ገጹ ማብቂያ እንዳይኖረው ይደረጋል፤ በጣት ሲገፉት ሌላ ይመጣል። አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ሌላው ይዘጋጃል። «እገሌ አዲስ ነገር አስቀምጧል» የሚል ደወል ይልካል። በሱቅ ዘንድ ደንበኛ ገዝቶ ይሄዳል፤ እዚህ ግን ደንበኛው እንዳይሄድ ነው የሚሠራው። አዋቂውን የሚያሸንፍ ነገር የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲያሸንፍ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ቋንቋ። የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ምስክርነት ስትሰጥ የኢትዮጵያን ስም አንሥታለች። ከተናገረቻቸው ነገሮች አንዱ የኩባንያው የደኅንነት ሥራ በእንግሊዝኛ ላይ ያተኮረ መሆኑን ነበር። እሷ ያተኮረችው በግጭትና በጥላቻ ንግግር ላይ ነው፤ ለልጆች ጉዳይም ትርጉሙ ያው ነው። ክፉ ቃልን የሚለይ ማሽን አማርኛ ካልተማረ፣ ኦሮምኛና ስልጥኛ ካልተማረ፣ በእነዚህ ቋንቋዎች ልጅን የሚያባብል ሰው ሳይታወቅበት ያልፋል።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

ይህ የሌላ አገር ችግር ነው የሚል ካለ አንድ ጥናት እንጥቀስለት። ኤክፓት ኢንተርናሽናል፣ ኢንተርፖልና ዩኒሴፍ በጋራ ያካሄዱት ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት ከሆኑና ኢንተርኔት ከሚጠቀሙ ልጆች መካከል ከመቶ አሥሩ ያህል በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በኢንተርኔት አማካይነት ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት ደርሶባቸዋል ይላል። ይህም በመላ አገሪቱ ሲሰላ ወደ 300,000 የሚጠጉ ልጆች ማለት እንደሆነ ገምቷል። ሳፋሪኮምም በኦክቶበር 2022 በይፋ ሥራ ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር መወዳደር ጀምሯል። የኢንተርኔት መስፋፋት በራሱ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን አዲስ የሚገባው ልጅ በዝቶ ጥበቃው ባለበት ከቆመ ጉዳቱ ይጨምራል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ደንግጓል፤ ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት መቅደም እንዳለበት ይናገራል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በመልእክት፣ በሥዕል ወይም በቪዲዮ ለወሲብ ድርጊት የሚያባብልን ሰው ከአምስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንዲቆጣጠር ኃላፊነት ተሰጥቶታል።

ሆኖም የወንጀል ሕግ የሚደርሰው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ልጅ አፍሮ ዝም ካለ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም። ደረጃው ላይ መደገፊያ ብረት ያልሠራ ግንበኛ ልጅ ከወደቀ በኋላ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው ቢል ማን ይቀበለዋል? የሚፈለገው ብረቱ አስቀድሞ እንዲሠራ ነው።

ለምትሠሩት ወንድሞችና እህቶች

«ይህን ለአሜሪካና ለቻይና ኩባንያዎች ንገሯቸው፤ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ያገባናል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮዲንግ ለማሠልጠን የታሰበ ፕሮግራም ከተባበሩት የዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር ተጀምሯል። የነጋዴ ልጆች የሆኑ ወጣቶች የትምህርት፣ የገበያና የመልእክት አፕ እየሠሩ ነው። ነገ የልጆቻችን ስልክ ላይ የሚቀመጠው የእናንተ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሚከተሉትን አደራ እንላለን።

አንደኛ፣ ዕድሜ ስትጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ። «በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ?» የሚል አንድ ቁልፍ መጨመር የአንድ ቀን ሥራ ቢሆን ነው። መልሱን ሲቀበሉም «ልጅዎ 11 ዓመቷ ነው ማለት ነው፤ ትክክል ነው?» ብሎ መልሶ መጠየቅ ስሕተቱን እዚያው ያርመዋል። ይህን የውጭ ኩባንያ ባያስብበት የአገሩ ልጅ ሊረሳው አይገባም።

ሁለተኛ፣ ሁሉን ዘግታችሁ አስረክቡ። ልጁ ያለበት ቦታ፣ የስልክ ቁጥሩ፣ ፎቶው ለማያውቀው ሰው አይታይ። የማያውቀው ሰው ወደ ቡድን እንዳያስገባው፣ ለብቻው መልእክት እንዳይልክለት አድርጉ። ቴሌግራም «በአቅራቢያህ ያሉ ሰዎች» የሚለውን ክፍል እ.ኤ.አ. በ2024 አስወግዶታል፤ አጭበርባሪዎች ይጠቀሙበት ነበርና። ከጅምሩ ያልተሠራ በር ደግሞ መዝጊያ አያስፈልገውም።

ሦስተኛ፣ ስልኩ የአንድ ሰው ነው ብላችሁ አትነሡ። በእኛ ቤት አንድ ስልክ የእናትም፣ የልጅም፣ የእህትም ነው። በአንድ ስልክ ላይ የልጅ ክፍልና የአዋቂ ክፍል እንዲኖር፣ ከልጁ ክፍል ለመውጣት የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ አድርጉ።

አራተኛ፣ ማብቂያ ሥሩለት። አንድ ትምህርት ሲያልቅ ይለቅ። መጽሐፍ የመጨረሻ ገጽ አለው፤ አፕም ይኑረው። በሌሊት አይደውል።

አምስተኛ፣ አቤት የሚባልበት ቁልፍ በልጁ ቋንቋ፣ ጎልቶ በሚታይ ቦታ ይቀመጥ። ማንበብ የማትችል እናት እንድትረዳው በድምፅም ይናገር። አቤቱታውን የሚያነብ ሰው ይኑር። መልስ የሌለው ቁልፍ ከሌለ ቁልፍ አይሻልም።

ስድስተኛ፣ የማያስፈልጋችሁን መረጃ አትሰብስቡ። ያልተሰበሰበ መረጃ አይሰረቅም።

ገንዘብ አውጥታችሁ ወጣቶቹን የምታሠሩ ነጋዴዎችም ጥያቄ አለባችሁ። የሚዛን ትክክለኝነት የነጋዴ አማና እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። አፑ ስንት ሰው አወረደው ከማለታችሁ በፊት፣ የአሥር ዓመት ልጅ ቢይዘው ምን ያገኘዋል? ብላችሁ ጠይቁ።

ጨርሶ መከልከልስ?

አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች አካውንት እንዳይኖራቸው የሚያዝ ሕግ በ2024 አውጥታ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። እኛም እንዲህ ብናደርግ የሚሉ ወላጆች አሉ፤ ሐሳባቸው የሚናቅ አይደለም። ጥሩ ጎኑ ዕዳውን ከወላጅና ከልጅ አንሥቶ በኩባንያው ላይ መጣሉ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገር እናስብ። ስልክ በጋራ በሚያዝበት፣ የልደት ዓመት በሌላ አቆጣጠር በሚሞላበት አገር ዕድሜን ብቻ በር ጠባቂ ማድረግ አያስተማምንም። የዕድሜ ማረጋገጫ ይምጣ ከተባለ ደግሞ አንዳንዱ «የፋይዳ ቁጥር ይጠየቅ» ይል ይሆናል። የልጆችን መታወቂያ ለእያንዳንዱ አፕ ማስረከብ ግን ሌላ አደጋ መጥራት ነው። ስለዚህ ክልከላ ቢኖርም ባይኖርም የአሠራሩ ጥያቄ አይቀርም። ልጁ በስሕተት ቢገባ እንኳ የማይጎዳበት አፕ ነው የሚያስፈልገው።

እስከዚያው ወላጅ ምን ያድርግ?

አፖቹ እስኪስተካከሉ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም። ዛሬ ማታ ከኢሻ በኋላ ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የልጁን አካውንት ከፍታችሁ የተሞላውን የልደት ዓመት ተመልከቱ። ወደ አውሮፓ ለመለወጥ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም የተወለደ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ደምሩ። ጥር 2007 የተወለደች ልጅ የ2015 ናት ማለት ነው። ዓመቱ ተሳስቶ ከተገኘና ማረም ካልተቻለ አካውንቱን ዘግቶ ለደረሰ ልጅ በትክክለኛው ዓመት መክፈት ይሻላል። ከ13 በታች ያለ ልጅ ግን የራሱ አካውንት አያስፈልገውም።

አካውንት የሚከፍትላችሁን ወጣት «በፈረንጅ አቁጠርልኝ» በሉት። ስልክ ሻጮችና ጠጋኞችም ብትሆኑ ይህን አንድ ጥያቄ ልማድ ብታደርጉት የብዙ ቤት ልጅ ጠበቃችሁ።

ቴሌግራም ላይ ስለ ምሥጢርና ደኅንነት የሚናገረውን ክፍል ክፈቱ። የስልክ ቁጥሩን ማን እንደሚያይ፣ ማን ወደ ቡድን ሊያስገባው እንደሚችል ተመልከቱ። «ሁሉም ሰው» የሚል ካገኛችሁ «የማውቃቸው ብቻ» ወደሚለው ለውጡት።

ሱቅ ላይ ስልክ ስትሰጡት አንዱን አፕ ቆልፋችሁ ስጡት። ብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች የተከፈተውን አፕ ባለበት የሚያስር ክፍል በሴቲንጋቸው ውስጥ አላቸው፤ ያለ ቁልፍ ቁጥሩ ወደ ሌላ መውጣት እንዳይቻል ማድረግ ይቻላል። ልጁም ከጀርባ ሳይሆን ስክሪኑ ለእናንተ በሚታይበት በኩል ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነው። ልጁ አንድ የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ነገር ደርሶበት ሲነግራችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ ቁጣ አይሁን። ስልኩን ነጥቆ መምታት ልጁን የሚያስተምረው ሁለተኛ እንዳይናገር ብቻ ነው። የሚያስፈራራው ሰውም የሚተማመነው በዚህ ነው፤ «ለአባትህ እነግራለሁ» ይለዋል። «ደግ አደረግህ ነገርከኝ» በሉት። መልእክቱን አታጥፉት፤ ማስረጃ ነው። ከዚያም በፖሊስ ጣቢያ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ወደሚመለከተው ክፍል ሂዱ። ጥፋቱ ሁልጊዜ ከማይታወቅ ሰው እንደማይመጣም አትዘንጉ፤ የሚያውቁት፣ ቤት የሚገባ ሰው ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችን ከስልክ ርቀው ያድጋሉ ብለን አንዋሽም። ትምህርቱም፣ ንግዱም፣ ከዘመድ መገናኘቱም እዚያው ገብቷል። የምንጠይቀው ስልኩ ውስጥ ያለው ገበያ ቢያንስ የመርካቶን ያህል ሥርዓት እንዲኖረው ነው፤ ለልጅ የሚሆነው በራሱ ተራ፣ የማይሆነው ከፍ ባለው መደርደሪያ። ይህንም ከሠሪዎቹ መጠየቅ መብታችን ነው። መጠየቁን ደግሞ ከትንሹ እንጀምር፤ በሚቀጥለው ጊዜ ወጣቱ «ልጅቷ የተወለደችው በስንት ነው?» ሲላችሁ፣ «በየትኛው አቆጣጠር?» ብላችሁ መልሱለት።

በዚህ ጉዳይ ላይ ያጋጠማችሁንና የጠቀማችሁን ዘዴ ብትጽፉልን ለሌሎች ወላጆች እናካፍላለን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር እንገናኝ።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።